ስሜን ያልጻፍኩባቸው ስድስት ሲሊንደሮች

ሥራዬ ወረቀት መለጠፍ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ካርቱም፣ ጀሪፍ ውስጥ፣ ከዓባይ ዳር ብዙም ሳይርቅ አብደልሙንዒም የሚባል ሰው የጋዝ መሙያ ነበረው። ለበያጆች ኦክስጅን ይሞላል። ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዓመት ፖርት ሱዳን ያለች የአንዲት ጠላቂዎች ጀልባ መሙያዋ ተበላሸባትና ሲሊንደሮቿን ወደ እኛ መላክ ጀመረች። ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር አየር በመኪና ሲጫን ያየሁት እዚያ ነው።

አየሩ ታዲያ ተራ አየር አይደለም። እኔና አንተ የምንተነፍሰው ከመቶ ሃያ አንድ እጁ ኦክስጅን ነው። እኛ እየጨመርን ሠላሳ ሁለት እናደርሰዋለን፣ አንዳንዱን አርባ። ጠላቂው ውኃ ሥር ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይበታል። ጣጣው ኦክስጅኑ በበዛ ቁጥር የሚወርድበት ጥልቀት መቀነስ ያለበት መሆኑ ነው። ሠላሳ ሁለቱን ይዞ እስከ ሠላሳ ሦስት ሜትር ቢወርድ ችግር የለም። አርባውን ይዞ እዚያ ከወረደ ግን ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፣ መተንፈሻው ከአፉ ይወድቃል፣ በቃ። ሲሊንደሮቹ ደግሞ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ አይሸቱ፣ አይለዩ። ልዩነቱን የሚናገረው አንገታቸው ላይ ያለው ወረቀት ብቻ ነው፦ ኦክስጅኑ ስንት እጅ እንደሆነ፣ ጥልቀቱ እስከ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ የተለካበት ቀን፣ የለካው ሰው ስም። የምለካው እኔ ነኝ፣ ረዋን። ጠላቂውም ራሱ መልሶ እንዲለካ ደንቡ ያዛል። ጀልባዋ ላይ ግን መለኪያ አልነበረም፤ ሳላሕ የሚባለው ጠላቂያቸው በስልክ «ስምሽን ካየሁ እወርዳለሁ» ይለኝ ነበር። እንዲህ ዓይነት እምነት ደስ አይለኝም፣ ሸክም ነው።

አሚና እዚያው ታጸዳ ነበር። ከወሎ የመጣች ናት። እናቴ ካሳነሽ ሳጃና ሰፈር ሻይ ስትሸጥ እኔን አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ኻልቲ ነው የምላት፣ አክስቴ እንደማለት። በሀገሯ ወግ አንቱ ልላት ይገባ ነበር። አባቴ ሱዳናዊ፣ እኔም የካርቱም ልጅ፤ አንቱታ አፌ ላይ አልቀመጥ ብሎ ቀረ። ሥራ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ኢቃማዋ፣ ያው የመኖሪያ ወረቀቷ፣ በአብደልሙንዒም ፊርማ ይታደሳል፤ በዚያ ወር መጨረሻ ያበቃ ነበር። እሱ ካልፈረመ መጀመሪያ ያገኛት ፖሊስ ያዛት ማለት ነው፣ ከዚያ እስር፣ ከዚያ ድንበር። ሃያ ስድስት ዓመት ከኖረችበት ከተማ ወጥታ የምትገባበት ቤት አልነበራትም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

ማክሰኞ ስድስት ሲሊንደር ሞላን፤ አራቱን ሠላሳ ሁለት፣ ሁለቱን አርባ። ለካሁ፣ ጻፍኩ፣ ለጠፍኩ። ረቡዕ ጠዋት የመለኪያው ሴንሰር ሞተ። ዕድሜው ማለቁን ሁለት ወር ሙሉ ለአብደልሙንዒም ስነግረው «ኢንሻአላህ» ይለኝ ነበር። አሁን ደንግጦ ከዱባይ አዘዘ። ረቡዕ ከሰዓት ሃቡብ ተነሳ፤ አቧራው ከተማውን ውጦ ግቢያችንን እንደ ዱቄት ቤት አደረገው።

ሐሙስ ጠዋት ስገባ ስድስቱም ሲሊንደሮች ፀሐይ ላይ ቆመው ያብረቀርቃሉ። አንዳቸውም ላይ ወረቀት የለም።

«ኻልቲ፣ ምን አደረግሽ?»

«አጠብኳቸው» አለች፣ ስፖንጁን እንደያዘች። «ወደ ሰው የሚሄድ ዕቃ በአቧራ ይሄዳል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«ወረቀቱስ?»

«ርሶ ተላቀቀ። የቀረውን ላጥኩት። አሮጌ ወረቀት ይላጥ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

ብያታለሁ። ባዶ ሆነው ለሚመለሱት ነው ያልኩት፤ አሮጌ ወረቀት ያለበት ሲሊንደር አይሞላም። ማንበብ የማትችል ሴት የሞላውን ከባዶው በምን ትለይ? ያን ለማሰብ እኔ ነበርኩ የምከፈለው። የተናደድኩት በራሴ ነው፣ የጮህኩት ግን በእሷ ላይ ነው። ቀለሟ ጠፋ። ስታደርቃቸው ቦታ እንዳቀያየረቻቸው ጨምራ ነገረችኝ።

አብደልሙንዒም ሲጋራውን አፉ ላይ ሰክቶ ገባ። የጭነት መኪናው በር ላይ ደርሷል። ሳላሕ ቅዳሜ እንግዶች ይዞ ወደ ሰመጠ መርከብ ይወርዳል፣ ሠላሳ ሦስት ሜትር።

«ሙጫው በሙቀት ለቀቀ» አልኩት። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንግዲያው መልሰሽ ለጥፊ።»

«የትኛው የቱ እንደሆነ አላውቅም። መለኪያ የለንም።»

«ደብተሩን እይ።»

ደብተሩን የሚጽፈው እሱ ነው። «አራት ሠላሳ ሁለት፣ ሁለት አርባ» ይላል፤ የሲሊንደር ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ቁጥሩን ጻፍ ብዬ ስለምነው «ሲሊንደሮቼ ጠፍተውኝ ነው?» ይለኝ ነበር።

«እስቲ ለያቸው» አልኩት።

ይኼኔ አሚና እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ወደ መሀል ገባች። «እኔ አውቃለሁ፣ ያ ሙዲር» አለችው በተሰባበረው አረብኛዋ፣ አለቃዬ ማለቷ ነው። «ሳጥባቸው አይቻለሁ። አርባዎቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።»

ዞር ብሎ አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ። የሙጫው ውሸት እዚያው ሞተ። «አጥበሽ የላጥሻቸው አንቺ ነሻ» አላት፤ እሷም አንገቷን ደፋች። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ እሱ ግን በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ጥፋተኛ ሳይሆን መልስ ነበር።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወላሂ።»

«ሦስቴ በይ።»

ሦስቴ ማለች። አሚና በአላህ ስም ስትምል በሕይወቴ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ስትምል ሲሊንደሮቹን አላየችም፣ የሱን ፊት ነበር የምታየው። ከጡት ልጅነቴ የማውቃት ሴት ናትና እንደዋሸች አወቅሁ።

አብደልሙንዒም በራሱ እጅ ስድስት ወረቀት ጻፈ፣ በጠቆመችው መሠረት ለጠፈ፣ የለካው ሰው ስም የሚጻፍበትን ባዶ ትቶ ማርከሩን ሰጠኝ። «ያላ፣ ስምሽን ጻፊ። ሾፌሩ ያለ ስምሽ አይጭንም።»

እምቢ ብል አሚና ፊቱ ውሸታም ሆነች፣ ወረቀቷም አበቃ። እሺ ብል፣ አይቼው የማላውቅ ሰው ስሜን አይቶ ይወርዳል። ብዙ አሰብኩ ብል ውሸት ይሆናል፤ ስሜን የት እንደማልጽፍ አውቅ ነበር። የከበደኝ እሷ አጠገቤ መቆሟ ነው።

«ሲጋራህን አጥፋ» አልኩት።

«ምን?»

«አጥፋው። የሚወጣው ኦክስጅን ነው።»

ምን ልሠራ እንደሆነ ሳይገባው ከጫማው ሥር አጠፋው። የመጀመሪያውን ቫልቭ ከፈትኩ። እሪ አለ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ እያልኩ ስድስቱንም። ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል፤ አብደልሙንዒም አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ፣ የሚለውን ግን አልሰማም። የቫልቮቹ አንገት በረዶ ሠራ። ሩብ ሰዓት ያህል ሦስታችንም ቆመን እንዲሁ አየን። ድምፁ ሲያልቅ እርጥበት እንዳይገባባቸው ቫልቮቹን አንድ በአንድ ዘጋሁ። ልማድ ነው።

«ሁለታችሁም ውጡ» አለ አብደልሙንዒም።

ሐፍላው፣ የከተማው አውቶቡስ፣ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ካላክላ፣ እሷ የምትኖርበት ሰፈር፣ ደረስን። ልትወርድ ስትል፣ «ሰውየው አመነኝ» አለች። «አንቺ ግን አላመንሽኝም። ያዘልኩሽ ልጅ።» ወርዳ ሄደች። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ደወልኩላት፣ አታነሳም። የኢቃማዋን ቀን እየቆጠርኩ እንቅልፍ አጣሁ። ልክ እንደሆንኩ ባውቅም አንጀቴ ተቃጠለ።

በአሥረኛው ቀን አብደልሙንዒም ደወለ። ሴንሰሩ ደርሷል። ሄድኩ። ሲሊንደሮቹ እሱ የለጠፈባቸውን ወረቀት እንደያዙ ቆመዋል። ሲሊንደር ባዶ ሆነ ሲባል ጨርሶ ባዶ አይሆንም፣ የአንድ ትንፋሽ ያህል ይቀርበታል፤ እሱም ይህን ያውቃልና ሁሉንም ለክቷቸዋል። አሚና ከጠቆመቻቸው አንዱ እውነትም አርባ ነው። ሌላው ሠላሳ ሁለት። «ሠላሳ ሁለት» ከተባሉት አራቱ መካከል ደግሞ አንዱ አርባ ሆኖ ተገኘ።

ይቅርታ የሚል ሰው አይደለም። «ነገ ግቢ» አለኝ።

«ከአሚና ጋር።»

«በውሸት የማለች ሴት እዚህ አትገባም።»

«ሦስቴ ያስማልካት አንተ ነህ። እሷ ካልገባች እኔም የለሁም።»

አዲሱን ሴንሰር በእጁ ሲያገላብጥ ቆየ። «ሐሙስ ወረቀቷን ይዛ ትምጣ፣ እፈርማለሁ» አለ በመጨረሻ።

ከዚያው ወደ ካላክላ ሄድኩ። አሚና ግቢዋ ውስጥ የሰው ልብስ ታጥባለች። ቀና አላለችም። ቂሟን ላስረሳት ፈለግሁ፣ በመንገድ ላይም ሳስበው የመጣሁት ይህንኑ ነው።

«ልክ ነበርሽ ኻልቲ» አልኳት። «ተለካ። ሁለቱም አርባ ናቸው።»

እጇ ቆመ። «ልክ ነበርኩ?»

«አዎ።»

«አይደለሁም» አለች። «አላየሁማ። ምኑን አይቼ? ከፊት የቆሙትን ሁለቱን ዝም ብዬ ነው የጠቆምኩት።» አሁን ቀና ብላ አየችኝ። «እውነቱን ንገሪኝ።»

ነገርኳት። አርባ የሆነውን ሠላሳ ሁለት ብላ እንደማለች፣ ይዞት የሚወርደው ጠላቂ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር።

«ልጅ አለው ሰውየው?»

«አለችው። ሚያር ትባላለች።»

አብደልሙንዒም ሊፈርም መሆኑን ነገርኳት፤ ይህ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። «ሐሙስ እመጣለሁ» አለች እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ። «ለመሐላዬ ሦስት ቀን እጾማለሁ። ነገ እጀምራለሁ።»

«እኔ ደግሞ ተቀይመሽኝ ነው ስልክ የማታነሺው ብዬ …»

«ተቀይሜ መሰለሽ?» አለች። «የአላህን ስም ጠርቼ ዋሽቼ፣ አንቺ ደግሞ አውቀሽብኝ፣ በምን ዓይኔ ልይሽ? ያን ቀን ሐፍላው ላይ ያልኩሽን እፍረት ነው ያናገረኝ። ስላላመንሽኝ ያቺ ልጅ አባት አላት።»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብሱን መጭመቅ ጀመረች።