ከኋላ የሚዘጋው ጃኬት

እኔና እህቴ ዘይነት ሦስት ዓመት ሙሉ አብረን የሻሞላ ስፖርት ስንሠራ፣ አዳራሹ ውስጥ አንድም ቀን እርስ በርሳችን አልተጋጠምንም። ጃኬታችን አንድ ነበር።

ሰፈራችን ፋሲሎ ውስጥ ፌንሲንግ የሚሉትን ይህን ስፖርት የሚያሠለጥን ትንሽ ክለብ አለ። ሻሞላውንና የፊት መከለያውን ክለቡ ያውሳል፤ ጃኬትና ጓንት ግን ከየቤት ነው። እማማ ስትሰማ «ሴት ልጅንና ሻሞላን ምን አገናኛቸው?» ብላ ተቆጣች። አባባ ግን መጥቶ አየና ወደደው። ፊት ሳይቀር የሚሸፈንበት ስፖርት ሌላ የት ይገኛል?

አባባ ጨርቅ ነጋዴ ስለሆነ ዕቃ ሲመርጥ ሰው ያደክማል። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» እያለ የጃኬቱን ስፌት በጥፍሩ ሲፈትሽ፣ አሰልጣኛችን ምናሴ በትዕግሥት አስረዳው። በጎን የሚዘጋ ጃኬት ዚፑ ሻሞላ ከሚይዘው እጅ በተቃራኒ መሆን አለበት። እኔ በቀኜ ነው የምይዘው፤ ዘይነት ግራኝ ናት። ስለዚህ በጎን ከሆነ ሁለት መግዛት ሊኖርበት ነው። ከኋላ የሚዘጋው ግን ለሁለታችንም ይሆናል።

«ችግሩ፣ የለበሰችው ልጅ ብቻዋን ልትዘጋው አትችልም» አለ ምናሴ።

«እህት ታዲያ ምን ልትሠራ ተፈጠረች?» አለ አባባ። አንድ ጃኬት ገዛ፤ ጓንት የሚጠለቀው ሻሞላ በሚይዘው እጅ ብቻ ስለሆነ አንድ የግራና አንድ የቀኝ ጓንት ጨመረ። ለሁለት ልጅ አንድ ጥንድ ጓንት በመግዛቱ ስንት ቀን ሳቀ።

እንዲህ ሆነና አንዳችን ስንገጥም ሌላችን ዚፕ ዘጊ ሆንን። ዘይነት ዚፑን አንገቴ ላይ ስታደርስ ሳትቆነጥጠኝ አታልፍም። እኔም በላቧ የራሰውን ጃኬት ስለብስ አፌን አልዘጋም። ማን ይበልጣል የሚለው ግን ሳይለይ ቀረ። ጣና ዳር በደንገል አገዳ ስንሞካከር ባሸንፋት «ደንገል አይቆጠርም» ትላለች። «ሁለተኛው ጃኬት ይምጣ እንጂ አምስት ለባዶ ነው የምሸኝሽ።»

ባለፈው ዓመት አባባ ሁለተኛውን ሊያስመጣልን እሺ አለ። ዘይነት ለራሷ መረጠች፤ በጎን የሚዘጋ፣ የግራኝ። «ከእንግዲህ የአንቺን እጅ ስጠብቅ አልውልም» ብላ ሳቀችብኝ። ቅር አለኝ።

ጃኬቱ ሳይደርስ ትኩሳት ያዛት። ወባ መስሎን ነበር፤ አልነበረም። ሳምንት ሳትሞላ ቀበርናት። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ እንግዲህ ትበልጠኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

ጃኬቱ መጣ። አባባ ሳይፈታው ሱቁ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ለእኔ አይሆንም፤ ዚፑ ሻሞላ በምይዝበት በኩል ነው። አሮጌውንም ብቻዬን መዝጋት አልችልም። እማማን ዝጊልኝ ማለት አልቻልሁም። ክለቡን ተውሁት።

አንድ ቀን ምናሴ ሱቅ መጣ። ሊድያ የምትባል አዲስ ልጅ ገብታለች፣ ግራኝ ናት፣ ጃኬት የላትም አለን። አባባ ጥቅሉን አወረደና «ጨርቅ ሲቀመጥ ብል ይበላዋል» አለ። የዘይነትን የግራ ጓንት ከቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ሁለቱንም ጃኬት ይዘን ከአባባ ጋር ወደ ክለቡ ሄድን። አዳራሹ ውስጥ ሊድያ አዲሱን ለብሳ ራሷ ዘጋችው። እኔ አሮጌውን ለብሼ ጀርባዬ እንደተከፈተ ቆሜ ቀረሁ። አባባ ከኋላዬ መጣ። ጨርቅ ሲለካ የማይሳሳት እጁ ዚፑን ሁለት ጊዜ ሳተው። አንገቴ ላይ አደረሰውና እጁን አነሣ። አልቆነጠጠኝም፤ ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ሊድያ የፊት መከለያዋን አጠለቀች። ፊቷ ጠፋ። ከፊቴ የቀረችው ያን ጃኬት የለበሰች፣ ሻሞላ በግራዋ የያዘች ልጅ ናት።

«ጀምሩ» አለ ምናሴ።

መጣች። ጫፉ ወደ ደረቴ ሲመጣ አየሁት፤ መመከት እችል ነበር። ክንዴ አልነሣ አለኝ። ደረቴ ላይ አረፈ፤ አንድ ለባዶ።

«አሪፋ፣ ምን ነካሽ? ለምን አልተከላከልሽም?» አለኝ ምናሴ።

«አራት ይቀራታል» አልሁት።