ለራሳቸው የሠሩት ቁምሳጥን

ያደታ አናጢ ነው። ከፍራንኮ ሰፈር ወረድ ብሎ ባለችው የእንጨት ሥራ ቤቱ ለአዳማ ሰው ስንቱን ቁምሳጥን ሠርቶ ሰጥቷል፤ የራሱ መሮና መጋዝ ግን ዕድሜያቸውን የገፉት በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነው። ዘንድሮ ለራሴም የመሣሪያ ቁምሳጥን፣ ያውም ባለ መሳቢያ፣ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ቁምሳጥኑ ሰበብ ነበር። የፈለገው ፋሩቅን ነው።

ፋሩቅ ሥራውን ከእሱ ተምሮ፣ ኋላም ለዓመታት አብሮት የሠራ ባልደረባው ነበር። ጥሎት የሄደው በያደታ በራሱ ጠባይ ነው። ፋሩቅ ለክቶ በጨረሰ ቁጥር፣ ደንበኛ ፊት ሳይቀር፣ ያደታ ከኋላው መጥቶ ሜትሩን እንደገና ይዘረጋል። አንድ ቀን ፋሩቅ "እኔ በማልታመንበት ቤት አልሠራም" አለና ሞጆ ገብቶ የጭነት መኪና ወለል ጣውላ መቀየር ጀመረ። ያደታ ከዚያ ወዲህ ሥራውን እንደምንም ይወጣዋል፤ የሚያዋራው ሰው ማጣቱ ግን ክፉኛ ጎድቶታል።

ለምኖ ለምኖ ዘንድሮ ፋሩቅ እሺ አለው፤ ግን ለሙከራ ነው። "ይሄን ቁምሳጥን አብረን እንሥራ። ከተስማማን እመለሳለሁ፣ ካልሆነም በሰላም ወደ ሞጆዬ እሄዳለሁ" አለ። የያደታ ባለቤት ጽጌ ይህን ስትሰማ ባሏን በር ላይ ያዘችው።

"ስማኝ፣ ሜትር በእጅህ እንዳላይ። የሰጠህን ልክ ተቀብለህ ቁረጥ። አደራህን።"

"ቶሌ፣ እሺ" አለ ያደታ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ።

ሥራውን ተካፈሉ። ፋሩቅ የቁምሳጥኑን አካል ገጠመ፤ መሳቢያዎቹ የያደታ ድርሻ ሆኑ። መሳቢያዎቹ የሚንሸራተቱት በብረት ሐዲድ ነው። ሐዲዱ በየጎኑ አንድ ጣት የማይሞላ ቦታ ስለሚወስድ፣ መሳቢያው ከሚገባበት ክፍት ቦታ በዚያው ልክ መጥበብ አለበት። ይህን ሁለቱም ከእንቅልፋቸው ቢቀሰቀሱ እንኳ አይስቱትም። ፋሩቅ ስፋቱን ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ላይ በእርሳስ ጽፎ ሰጠውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ያደታ ቁጥሩን አገላብጦ አየው። የክፍቱ ስፋት ነው ወይስ የሐዲዱ ተቀንሶለታል? ቁምሳጥኑ እዚያው አጠገቡ ተገትሯል፤ ሜትር ቢዘረጋበት ነገሩ ወዲያው በለየለት። እጁ ወደ ኪሱ ሄደችና ባዶዋን ተመለሰች። መጠየቅም ነበር፤ ግን "ዛሬም አላመኑኝም" ቢለውስ? በመጨረሻ የክፍቱ ነው ብሎ ራሱን አሳመነና ለሐዲዱ ቀንሶ ቆረጠ። ይሉኝታ እንግዲህ እንዲህ ናት፤ አፍ አሲዛ ስንት ጤነኛ ኮምፔንሳቶ ታስፈጃለች።

ቅዳሜ ከሰዓት መሳቢያዎቹ ተገጣጠሙ፤ ሐዲዱም በቪቴ ታሰረ። ያደታ አንዱን መሳቢያ አንስቶ ሊያስገባ ሲል በሁለቱ ሐዲዶች መሃል ሾልኮ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ሌላውን ሞከረ። እሱም ዱብ። በቃ፣ ፋሩቅ ሄደ አለ ያደታ በልቡ።

"ቁጥሩ የክፍቱ መስሎኝ እኮ ነው" አለ። "ለሐዲዱ ደግሜ ቀነስኩ።"

"እኔ ቀንሼ ነው የጻፍኩት ጋሼ። ምነው ቢጠይቁኝ?"

"ፈራሁህ" አለ ያደታ። "ጥለኸኝ ትሄዳለህ ብዬ ፈራሁ። ጽጌም ሜትር እንዳትነካ ብላኛለች።"

ፋሩቅ ከወደቀው መሳቢያ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያደታ የሚያለቅስ መስሎት ደነገጠ። ሰውየው ግን እየሳቀ ነበር።

"እኔስ ምን አደረግሁ! የቆረጡት ጣውላ መጥበቡን እያየሁ፣ ያስተማረኝን ሰው እንዴት አድርጌ ላርም ብዬ ዋጥኩት" አለ። ከዚያ ሳቁን ገታ አደረገ። "ጋሼ፣ እኔ ያኔ የከፋኝ ከኋላዬ ዞረው፣ ሰው ፊት ስለሚለኩ ነው። ፊት ለፊት ይጠይቁኝ። ከፈለጉም ይጨቅጭቁኝ።"

"ለመጨቃጨቁስ ማን ብሎኝ" አለ ያደታ።

ከዚያ በኋላ ማን ዝም ይበል። ፋሩቅ መሳቢያዎቹ ፈርሰው እንደ አዲስ ይሠሩ አለ። ያደታ ደህና እንጨት አይጣልም፣ ከሐዲዱ ጀርባ ቀጭን ጣውላ ለጥፈን ክፍቱን እናጥብበው አለ።

"ያስጠላል።"

"የመሳቢያው ፊት ሲለጠፍበት ማን ያየዋል?"

"እኔ አየዋለኋ።"

ተከራክረው ተከራክረው ያደታ ረታ። ፋሩቅ ግን ጣውላው በመላጊያ ልስልስ እስኪል ድረስ አለቀቀውም። ክፍቱን አንዱ ለካ፣ ሌላው እያየው ደገመ፤ ማንም አልተቀየመም። ጣውላውን በኮላ ለጥፈው፣ በሞርሳ ጥርቅም አድርገው አሰሩት።

"እንግዲህ ሰኞ ሞጆ ትገባለህ?" አለ ያደታ ሲለያዩ።

"እስኪ መጀመሪያ ኮላው ይድረቅ" አለ ፋሩቅና ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ያደታ ገና በማለዳ በሩን ከፈተ። መሳቢያውን ብቻውን ለመሞከር እጁ አልታዘዝ አለው፤ ደጁ ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል። ፀሐይ በርታ ስትል አንዷ ባጃጅ ቆመችና ፋሩቅ ከባድ ሻንጣ እየጎተተ ወረደ።

"አካም ቡልተን ጋሼ?"

ለሰላምታው መልስ ሳይጠብቅ ገብቶ ሞርሳውን ፈታ፤ ሐዲዱን አሰረ፤ መሳቢያውን አስገብቶ ሳበው። መሳቢያው ሸርተት ብሎ እስከ ጥጉ መጣ፣ ሲገፋም ሸርተት ብሎ ተመለሰ። ፋሩቅ ሻንጣውን ከፍቶ መላጊያውን፣ መሮዎቹን፣ በላብ የወረዛ መዶሻውን እያወጣ የላይኛው መሳቢያ ውስጥ ደረደረ።

"የላይኛው የኔ ነው" አለ ያደታ። "ወገቤን እያወቅህ እኔን ጎንበስ ልታሰኝ ነው?"

ፋሩቅ እየሳቀ ዕቃውን አንድ በአንድ ወደ ሁለተኛው መሳቢያ አወረደና ዘጋው።

"እሺ፣ ዛሬ ምን ሥራ አለን?"

ሥራማ ነበር። ያደታ ይሄን ብቻዬን አልችለውም እያለ ደንበኛውን ሲያስጠብቅ የከረመበት ትልቅ የዋንዛ በር ግድግዳው ጋ ተደግፎ ቆሟል። አንዱን ጫፍ ብድግ አደረገና ወደ ፋሩቅ ዞረ።

"ና፣ ያዝልኝ" አለው።