የአርአያ ጥንዶች ድብብቆሽ

ቱነይድባ መጠለያ ውስጥ ሰው በእግሩ መሄድ አነሰው ብሎ የሚያማ ነዋሪ የለም። ውሃ ለመቅዳት ይኬዳል፣ እንጨት ለመልቀም ይኬዳል፤ ራሽን ለመውሰድ ተኪዶ «ነገ ተመለሱ» ሲባል ደግሞ በነጋታው ይኬዳል። የባልና ሚስት ፍቅር ማጠናከሪያ የተባለው ፕሮጀክት የመጣው እንግዲህ ይህንን ሕዝብ የእግር ሽርሽር ሊያስተምር ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል የአገሬ ሰዎች።

አሰልጣኟ ሄለን ትባላለች። ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን ከእናቷ፣ ዓረብኛዋን ከሰፈሯ፣ የስልጠና ቋንቋዋን ደግሞ እግዜር ይወቀው ከየት ያመጣች ደግ ልጅ ናት። ቅዳሜ ጠዋት የተመረጡትን ጥንዶች አሰልፋ አስረዳች።

«ያ ጀማዓ! ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። በመጠለያው ዙሪያ ትንንሽ ሳጥኖች ደብቀናል። ስልኩ ላይ ያለው ቀስት ይመራችኋል። ሳጥኑ ውስጥ ካርድ አለ፤ ካርዱ ያላችሁን ትነጋገራላችሁ። ከሳጥኑ አንድ ነገር ትወስዳላችሁ፣ በምትኩ አንድ ነገር ትተዋላችሁ፣ ኸላስ። ዋናው ሳጥኑ አይደለም፣ ዋናው አብሮ መሄዱ ነው።»

«ድብብቆሽ ነው አትይንም ታዲያ?» አለ አያ ጋረደው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከተመረጡት አንዷ ኤልሳ ብቻ አልሳቀችም። አያ ጋረደው የእነሱ ረድፍ ተጠሪ ነው፤ ማክሰኞ የቤተሰብ ማጣራት አለ፤ ማን ከማን ጋር በእውነት እንደተጋባ የሚመሰክረውም እሱ ነው። ኤልሳና ባሏ የተባለው ይልቃል ደግሞ ባልና ሚስት አልነበሩም።

የተዋወቁት መተማ ላይ፣ አንድ ጭነት መኪና ላይ ተጨናንቀው ሲሳፈሩ ነው። ድንበሩን አብረው ተሻገሩ። ሲመዘገቡ ጸሐፊው «ባልና ሚስት ናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ይልቃል ያላገቡ ሴቶች የሚያድሩበትን በር የሌለው አዳራሽ ቀደም ብሎ አይቶት ነበርና «አይዋ፣ አዎ» አለ። ኤልሳ ዝም አለች። ዝምታዋ ላይ ማኅተም ተመታበትና አንድ ድንኳን፣ አንድ ምንጣፍ፣ አንድ ትልቅ ብርድ ልብስ ተሰጣቸው። ብርድ ልብሱን መሐል ለመሐል ሰቅለው መጋረጃ አደረጉት። እሷ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ፤ ይኸው ሦስተኛ ክረምታቸው አለፈ። እንደ እህቱ አክብሮ ይዟታል። አንዳንድ ቀን ይኸው አክብሮቱ ያናድዳታል፤ ይህንን ግን ለማንም ተንፍሳ አታውቅም።

አሁን ውሸቱ ከታወቀ ድንኳኑ ይወሰዳል። እሱ ወደ ወንዶቹ ወገን፣ እሷ ወደዚያ በር የለሽ አዳራሽ።

ስልክ በማነሱ ለሁለት ጥንድ አንድ ስልክ ተሰጠ። የእነሱ ሸሪክ ማን እንደሆነ መገመት ነው፦ አያ ጋረደውና ባለቤቱ እትዬ ሸጊቱ።

«አትፍሪ» ብሏት ነበር ይልቃል ዋዜማውን። «ውዴ እልሻለሁ፣ አንቺም ውዴ በይኝ። እጅ ለእጅ እንያያዝ። ደስ የሚል ነገር ብቻ እንናገር።» ሁለቱም ትዳርን የሚያውቁት ከተከታታይ ድራማ ነው፤ ሚስኪኖች።

ጉዞ ተጀመረ። አያ ጋረደው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከፊት ቀደመ። እትዬ ሸጊቱ በሩቁ ከኋላው እየተከተለች ትናንት ስለጠፋ ባልዲ ትነዘንዘዋለች፤ እሱም ዞር ሳይል ይመልስላታል። ኤልሳና ይልቃል በመሐል እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እንደ ሙሽራ ፎቶ ፈገግ ብለው ሄዱ።

የመጀመሪያው ሳጥን ውሃ ማጠራቀሚያው ሥር ተገኘ። ይልቃል ካርዱን አነበበው። «ስለ ትዳር ጓደኛዎ የሚያደንቁትን ሦስት ነገር ይንገሩ።»

«ሦስት?» አለ አያ ጋረደው ደንግጦ። «ባንድ ቀን?»

«አንተ ሰውዬ ተናገር እንጂ! ጠፋህ?» አለች እትዬ ሸጊቱ።

አያ ጋረደው ብዙ አሰበ። «ሸጊቱ ጤነኛ ናት» አለ በመጨረሻ። «ሌላው ይቆየን።»

«የሱ ደግሞ አለመሞቱ ነው» አለች እትዬ ሸጊቱ። «ያን ሁሉ መዓት ስናልፍ አልሞተብኝም። ይኸው አንዱ ይበቃዋል።»

የይልቃል ተራ ደረሰ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ውዴ፣ ዓይኖችሽ ከዋክብት ናቸው። ፈገግታሽ ቀኔን ያበራዋል። ትዕግሥትሽ ወሰን የለውም።» ኤልሳም ያጠናችውን መለሰች፤ ስለ ልቡ ስፋት፣ ስለ ቃሉ ጣፋጭነት፣ ሦስተኛው ጠፋባትና ስለ ጥርሱ ተናገረች። እትዬ ሸጊቱ ባሏን አየችው፤ ባሏ ሰማይ ሰማይ አየ።

ሳጥኑ ውስጥ የቁልፍ መያዣ አገኙ። በር ለሌለው ሰው የቁልፍ መያዣ! እትዬ ሸጊቱ ግን አልናቀችውም፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችውና በምትኩ ከቀሚሷ የላላ ቁልፍ በጥሳ ጣለች።

ሁለተኛው ሳጥን ኒም ዛፉ ሥር መሆን ነበረበት። ቀስቱ ዛፉን ብዙ ካዞራቸው በኋላ አጠገቡ ካለው የጽገወይኒ ሻይ ቤት አስገባቸው። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ስኳር ሞልቶበት።

«ወዲቑ እየ ረኺበዮ» አለች ጽገወይኒ፣ ወድቆ ነው ያገኘሁት ማለቷ ነው። «ክዳኑ ጥሩ ነው፤ ጉንዳን አያስገባም።»

«ካርዱስ?» አላት ይልቃል።

«እሳት አያያዝኩበት። ይቕሬታ።»

ይህ ፕሮጀክት ከተጀመረ ወዲህ ጥቅም ላይ የዋለ ካርድ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እትዬ ሸጊቱ እጇን ከሳጥኑ ሰደደችና አንድ ጭብጥ ስኳር አነሳች።

«አንድ ነገር ውሰዱ ተብለናል» አለች።

«በምትኩስ?» አለች ጽገወይኒ።

«በምትኩማ ምርቃት ነዋ። እደጊ፣ ተመንደጊ።»

ሻይ መጣ። ኤልሳ ድራማው ላይ እንዳየችው ማንኪያውን ይዛ ዘንበል አለች። «ውዴ፣ ስንት ስኳር ላድርግልህ?»

አያ ጋረደው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ልጄ፣ ስንት እንደሚጠጣ አታውቂም?»

ታውቃለች እንጂ! ሁለት ማንኪያ፣ ሳያማስለው፤ የታችኛውን በመጨረሻ በጣቱ እየጠረገ ይልሰዋል። ሦስት ክረምት ሙሉ አይታዋለች። ያንን ማወቋ ትዳር ይመስላል ብላ አስባ ስለማታውቅ ነው የጠየቀችው። አሁን ብትናገርም የተለማመደችው ይመስላልና ማንኪያውን መልሳ አስቀመጠች።

ሦስተኛው ሳጥን ከማሽላው ማሳ ባሻገር ነበር። ቀስቱ ቀጥ ብሎ ኾሩን፣ ያንን በክረምት ብቻ ውሃ የሚወርድበትን ወንዝ አመለከተ። ዝናቡ ካቆመ ገና ቅርብ ነው፤ ጥቁሩ ዋልካ ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ከሥር ጭቃ ነው። ኤልሳ እንጨት ስትለቅም የምትውለው እዚያው ስለሆነ በስተግራ መሻገሪያ ድንጋይ እንዳለ ታውቃለች።

«በዚያ እንዙር፣ ውዴ» አለች።

«ስልኩ በዚህ ነው የሚለው፣ ውዴ።»

«ስልኩ እዚህ እንጨት ለቅሞ ያውቃል፣ ውዴ?»

ይልቃል ቀስቱን ተከትሎ ገባ። ወዲያው እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። እግሩን ሲነቅለው ጫማው ከሥር ቀረ። ውዴ የሚለው ቃልም አብሮ እዚያው ቀረ።

«አልነገርኩህም?» ጮኸች ኤልሳ። «ከመተማ ጀምሮ እንዲሁ ነህ! መንገድ አውቃለሁ ብለህ ስታዞረኝ አድረህ ከተነሳንበት ግራር ሥር አላመጣኸኝም? ሰው መጠየቅ ላንተ ሞት ነው!»

«አንቺስ? አንድ ነገር ከተሳሳትኩ ዓመት ሙሉ ማስታወስ ነው! እኔ ጨው ስታበዢ አንድ ቀን ተናግሬሻለሁ?»

«ጨው አበዛለሁ?»

«ሁልጊዜ!»

«ሦስት ክረምት ሙሉ ጨው በዝቶብህ ዝም አልክ?» እንባዋ መጣ፤ ራሷም ገረማት። «ለምን? እንግዳ ነኝ ላንተ? ባዳ ነኝ?»

«ምን ልበል ታዲያ! በመጋረጃው ማዶ ሆነሽ እንኳ ታዢኛለሽ!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ።

«የምን መጋረጃ?» አለ አያ ጋረደው።

ኤልሳ በር የለሹ አዳራሽ ታያት። ወዲያው ግን አዳራሹን ትታ ሌላ ነገር አሰበች። ይልቃል ማታ ማታ ከመጋረጃው ማዶ ይስላል፤ አቧራው አይስማማውም። ያ ሳል የሌለበት ቤት ታሰባት፣ እዚያ እንቅልፍ እንደማይወስዳት ገባትና ፈራች። የፈራችው ለድንኳኑ አልነበረም።

«መጋረጃ ነዋ!» አለች እትዬ ሸጊቱ በድንገት። «ባልና ሚስት ሲኳረፉ የት ይግቡ? ባንድ ድንኳን ውስጥ ማኩረፊያ ካላበጁ ሊተላለቁ ነው? እኔም ብርድ ልብስ ቢተርፈኝ እሰቅል ነበር።»

አያ ጋረደው ሚስቱን አያት፣ ጭቃ ውስጥ የቆመውን ልጅ አየ፣ ኤልሳን አየ። «እኔማ ከጠዋት ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ውዴ፣ ውዴ! ባልና ሚስት እንዲህ አይሸነጋገሉም። አሁን ስትሰዳደቡ ነው ልቤ ትንሽ ያረፈው።» ከዚያ ዱላውን ለይልቃል ዘርግቶ ጎተተው።

ኤልሳ በድንጋዮቹ ተሻግራ ሳጥኑን አመጣችው። ካርዱ «የጠፋብዎትን ፍቅር የት እንዳስቀመጡት ይወያዩ» ይላል። ማንም አልተወያየም። ይልቃል እግሩ ላይ የቀረችውን አንድ ጫማ በምትኩ ከሳጥኑ ውስጥ ጠቅጥቆ ክዳኑን ሊገጥም ታገለ፣ እምቢ ሲለው ላዩ ላይ አስቀምጦት መጣ።

ሲመለሱ ሄለን ጥንዶቹን እየተመለከተች ነጥብ ትሰጣለች። አንደኛ የወጡት እጅ ለእጅ ተያይዘው እየሳቁ የገቡ ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ ሳሙና ተሸለሙ። እህትና ወንድም እንደሆኑ ረድፉ በሙሉ ያውቃል። ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ተራርቀው፣ ተኮራርፈው የገቡትን ኤልሳንና ይልቃልን ግን አይታ አዘነች። «ሙሽኪላ አለ፣ ችግር አለ። እናንተ ክትትል ያስፈልጋችኋል» አለቻቸው።

ኤልሳ ድንኳኗ ገብታ ከመጋረጃዋ ኋላ ተቀመጠች። ይልቃል አንዴ ስሟን ጠራ። አልመለሰችለትም። ባዶ እግሩን ሲወጣ ሰማችው። ወደ ወንዶቹ ወገን ሄደ፣ ቁርጡን አወቀ፣ ብላ ፊቷን በጉልበቷ ላይ ደፋች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጅ ላይ ድምፅ ተሰማ። «ቤቶች!»

አያ ጋረደው ጋቢ ለብሷል። በዚያ ሙቀት ጋቢ! እትዬ ሸጊቱም ነጠላዋን አጣፍታለች። ለእርቅ መጡ፣ አለች ኤልሳ በልቧ። ፊቷን ጠርጋ ጀሪካኑን አጋደመችላቸው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አለ አያ ጋረደው።

ኤልሳ እጇ ጀሪካኑ ላይ እንዳለ ቀረ። በአገሯ ለእርቅ የመጣ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው የሚጀምረው። አልቀመጥም ብሎ በቁሙ ጉዳዩን የሚናገር ሽማግሌ የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታላቅ እህቷ ለትዳር የተጠየቀች ቀን በበሩ ቀዳዳ አይታለች።

«አባትሽ ቢኖር ለሱ ነበር የምንናገረው» አለ አያ ጋረደው። «ሩቅ ነውና ለራስሽ እንናገራለን። ለመክተቡ፣ ለቢሮው ማለቴ ነው፣ ትዳራችሁ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ማክሰኞም ይህንኑ እመሰክራለሁ። እኛ ግን የመጣነው ዛሬ ነው። ልጁ ልኮናል።»

«ምን ብሎ?» አለች ኤልሳ።

እትዬ ሸጊቱ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። «ከእንግዲህ ጨው ሲበዛ የመናገር ፈቃድ ይሰጠኝ ይላል።»

ኤልሳ ሳቀች፣ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነባት፣ እንደገና ሳቀች። ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠበቋት። የአያ ጋረደው ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ እሱ ግን በወጉ ቆሟል።

«ተቀመጡ» አለች። «መንገድ የምመራው ግን እኔ ነኝ።»

ከድንኳኑ በስተኋላ ያ የምታውቀው ሳል ተሰማ።