በሹክሹክታ የተነበበ ምስጋና

ድሬ ላይ ሞንታርቦ ካልጮኸ ነገር ተደረገ አይባልም፤ ሰርግም ይሁን ምርቃት። ስለዚህ ቀበሌው እኔንና ፋርቱንን ለማመስገን ቀን ሲቆርጥ ሞንታርቦውን የተከራየሁት እኔው ስምረት ነኝ። አስቀድሜ ልናዘዝ።

የሁለታችንም ልጆች ኦቲዝም አለባቸው። እሷ ሱቅ አላት፣ እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ለቤት እየዞርን «ልጃችሁን አትደብቁ፤ እርግማን አይደለም» እንላለን። ደመወዝ የለውም፤ ስድብ ግን በሽ ነው።

ከሁሉም ያስቸገረችን ሀሊሞ ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጇን ሳብሪንን ጓዳ ውስጥ ደብቃ፣ ስድስት ወር ሙሉ በሯን አስደበደበችን። በመጨረሻ፣ «ለምስጋናችሁ ይዣት እመጣለሁ» አለች። «ሰው ከሳቀባት ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጡ፣ ወላሂ!» እኔን ያጓጓኝ ምስጋናው አልነበረም፤ የሳብሪን መምጣት ነው።

ፕሮግራሙ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሆነ። ጫት ሳይደርስ መጨረስ አለብን፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ እንኳን ለምስጋና ለምጽአትም የሚነሳ የለም። ሀሊሞ ሳብሪንን እጇን ይዛ መጣች። ልጄ ፍቅረ ማርያም የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ ታርጋ ያነባል። ሁሉም ሰላም ነበር።

ያኔ የሞንታርቦው ባለቤት ገዲ ማሽኑን ከፈተው።

ሳብሪን ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ፍቅረ ማርያም ተከተላት፤ የፋርቱንም ልጅ። «ድምፅ ያማቸዋል፣ አትጩኹባቸው» እያልኩ ሦስት ዓመት ከተማውን ያሰለቸሁት እኔ ነኝ! በንዴት ራሴን ልነክስ ምንም አልቀረኝ። ሀሊሞ ልጇን ልትጎትት ጎንበስ አለች። ልትሄድ ነው።

ሮጬ ገመዱን ነቀልኩት።

«አቦ ስምረት! ቼክ እያደረግኩ'ኮ ነው!» አለ ገዲ።

«ዝም ብለህ ቼክ አድርግ!»

የቀበሌው ሊቀመንበር ወረቀቱን ይዘው ተደናገሩ። ፋርቱን ጠጋ ብላ፣ «በቀስታ ያንብቡት፣ እንሰማለን» አለቻቸው። እሳቸውም በሹክሹክታ ጀመሩ። ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። በጭብጨባ ፈንታ እጃችንን ወደ ላይ አወዛወዝን። አንድ ባለ ባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ቆቡን አወለቀ።

«ማን ነው የሞተው?» አለኝ።

«ማንም። እየተመሰገንን ነው።»

ጸጥታው ሲረጋ ሳብሪን ከጠረጴዛው ሥር ወጣች። የእኔ ስም ሲጠራ ቀድማኝ ሄዳ ምስክር ወረቀቱን ከሊቀመንበሩ እጅ ተቀበለችና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድም ሰው አልሳቀም። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ምን አባቴ ላድርግ!

ሀሊሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«የፊታችን ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምትወጡት?»

«ምነው?»

«የጎረቤቴ የናዲፋ ልጅም ጓዳ ነው ያለው። እሷም የኔን ታውቃለች፣ እኔም የሷን አውቃለሁ፤ ተነጋግረን ግን አናውቅም። በሯን እኔ ላንኳኳ።»

ሁለት ሰዓት ላይ እንደምንወጣ ነገርኳት። ወረቀቴን ሳብሪን ይዛው ሄደች፤ መልሽልኝ አላልኳትም።