እትዬ ሸዋረገድ ፎቶ የተነሡ ዕለት

ከበበውን የሰደበው ሙሉሰው ነው። ቀኑ ጥቅምት ሃያ አንድ 1991 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ገደማ። ቦታው ከብስራተ ገብርኤል ጀርባ፣ የአቶ በኃይሉ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ከመግቢያው በስተግራ ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ጋ። ከበበው ይህን የትም አልጻፈውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከሱ አይጠፋም። ሰባተኛ ክፍል ሳለ በተማሪ ፊት ጆሮውን የጠመዘዘውን የሒሳብ መምህር ዛሬም እስከ ካልሲው ቀለም ያስታውሰዋል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አቶ በኃይሉን በደመራ ማግሥት፣ በእጃቸው ከተከሏት ጽጌረዳ ፊት አቁሞ ፎቶ ያነሣቸው ከበበው ነው። ካሜራው የራሱ አይደለም። ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ዕቃ ግምጃ ቤት ከሚጠብቅበት የእርዳታ ድርጅት የተዋሰው፣ ፊልም የማይገባበት፣ በዲስኬት የሚሠራ ዲጂታል ነው። ሰውየው በወሩ ገደማ ድንገት ሞቱ፤ ቤተሰቡ ሌላ የቅርብ ጊዜ ፎቶ ቢፈልግ አጣ። ያንኑ አሳድገው በፍሬም አድርገው ድንኳኑ ራስጌ አቆሙት። የጽጌረዳዋ ቅጠል አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሰውየው ፊት ግን ድፍን ጥቁር ነው፤ ፀሐይዋ ከጀርባቸው ነበረቻ።

የእድሩ ጸሐፊና የሰፈሩ ፎቶ ቤት ባለቤት ሙሉሰው ፍሬሙ ላይ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ይሄ በኃይሉ ነው ወይስ የከሰል ጆንያ?» አለ። ከዚያ ወደ ከበበው ዞረ። «አንተ ሰውዬ፣ ግምጃ ቤትህ ገብተህ ጆንያህን ብትቆጥር አይሻልም?»

ለቀስተኛው በነጠላው ውስጥ ሳቀ። ለቅሶ ላይ ሳቁበት እንግዲህ። ለከበበው መልሱ የመጣለት ሰኞ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ሲሄድ ታክሲ ውስጥ ነው፦ «እኔ ጆንያም ሰውም ስቆጥር ተሳስቼ አላውቅም፤ አንተን ግን ከየትኛው ጋር እንደምቆጥርህ ቸግሮኛል።» ሦስት ወር ሙሉ አፉ ውስጥ ሲያገላብጠው ከረመ።

ካሜራውንም እንደዚሁ። የምሳ ሰዓቱን ሁሉ የድርጅቱን ዘበኛ አብዶን እያቆመ ሲያነሣ ነበር፤ አንዴ ፀሐይ ከጀርባው፣ አንዴ ከጎኑ፣ አንዴ ጥላ ውስጥ። ክንዱን ጎኑ ላይ ካላጣበቀ ምስሉ እንደሚንቀጠቀጥ አወቀ። በቁልፉ ከማቅረብ በእግር ሄዶ መጠጋት እንደሚሻል አወቀ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይሄ ካሜራ ዳተኛ መሆኑን አወቀ፤ ተጭነኸው ትንሽ ያመነታል፣ ከዚያ ነው የሚያነሣው። አብዶ ግን አንድ ቀን መረረውና፣ መቶ ጊዜ ተነሥቶ አንዲት እንኳ እንዳልተሰጠው፣ ሚስቱም ውሸትህን ነው እንደምትለው ነገረው።

ጥር አሥራ አራት ቀን የሟቹ ልጅ ሄርሜላ ግምጃ ቤቱ ድረስ መጣች። እናቷ እትዬ ሸዋረገድ ሰኞ ለኦፕራሲዮን ሆስፒታል ይገባሉ። ከዚያ በፊት ፎቶ መነሣት ፈልገዋል። «ለመታወቂያ ነው» አለች፤ ዐይኗን ግን የስንዴ ጆንያው ክምር ላይ ተከለች። ከበበው አልጠየቃትም። ሴትየዋ ከሠርጋቸው ወዲህ ፎቶ እንደሌላቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለምን ሙሉሰው አያነሣቸውም ሲላት፣ እማዬ ከበበው ይምጣ ብላለች አለችው።

የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። ይሄኛውም ከጠቆረ ሁለተኛ ዕድል የለም። ሰኞ ሴትየዋ ይገባሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቅ የለም፤ ድንኳኑ ዳግመኛ ቢተከል ራስጌው የሚቆመው ይሄው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት እትዬ ሸዋረገድ ቤት ሲደርስ፣ በረንዳው ላይ ማን ቁጭ ብሎ ቢያገኝ ጥሩ ነው? ሙሉሰው። በሽተኛ ሊጠይቅ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ መጥቷል። «ዛሬ ደግሞ ማንን ልታጠቁር ነው?» ብሎ ወንበሩን ጠጋ አደረገ፣ ትርኢት እንደሚያይ ሰው።

እትዬ ሸዋረገድ በሐዘን ልብሳቸው፣ በጥቁር ቀሚስና በጥቁር ሻሽ ወጡ። ከስተዋል። በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ተቀመጡና ጽጌረዳዋ ከኋላዬ ትሁን አሉ። ሌላ ቦታ አይሆንም፤ አቶ በኃይሉ የተከሏት ናት። ከበበው ወደ ጽጌረዳዋ ቀና ብሎ አየ። ጽጌረዳዋ ከኋላ ሆነች ማለት ፀሐይዋም ከኋላ ሆነች ማለት ነው። ወደ ግቢው ወጥተው ፊታቸውን ለፀሐይ እንዲሰጡ ሲለምን፣ ሄርሜላ ትናንት ታጥባለች፣ ምች ይመታታል ብላ ተቆጣች።

አንድ አነሣ። ካሜራው ዲስኬቱን እያንገራገረ ቆየና በጀርባው ባለች መስኮት ምስሉን አሳየው። ጽጌረዳ፣ ሰማይ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ፊት። ሌላ አነሣ። ያው። የባትሪው ምልክት ከሦስት መስመር አንድ ቀርቶታል። ሙሉሰው ብርቱካን እየላጠ ለብቻው አጉረመረመ።

ያኔ ሲሚንቶው ላይ ዐይኑ አረፈ። የጠዋቷ ፀሐይ በእትዬ ትከሻ አጠገብ አልፋ እግራቸው ሥር ወድቃለች። በሩ ሥር ደግሞ ለሆስፒታል የተዘጋጀው ሻንጣ አፉን ከፍቶ፣ ላዩ ላይ የታጠበ ነጭ አንሶላ ይታያል። አንሶላውን እዚህ አንጥፊልኝ አላት ሄርሜላን። ልጅቱ ደነገጠች። የሆስፒታል አንሶላ ነው፣ መሬት ላይ? ነጭ ጨርቅ በሽተኛ እግር ሥር ማንጠፍስ ምን የሚሉት ነው? አፏ ላይ ደርሶ የመለሰችው ነገር እንዳለ ያስታውቅ ነበር።

«አንጥፊው» አሉ እትዬ ሸዋረገድ። «ለፊቴ ከሆነ ይቆሽሽ።»

ተነጠፈ። ብርሃኑ ከአንሶላው ተነሥቶ አገጫቸው ላይ፣ ጉንጫቸው ላይ፣ ዐይናቸው ውስጥ ገባ። ከበበው ተጠጋ፤ ሰማዩ ወጥቶ ፊታቸው መስኮቷን እስኪሞላት፣ ጽጌረዳዋም በጆሯቸው በኩል ቀይ ነጥብ እስክትሆን ተጠጋ። ክንዱን ጎኑ ላይ አጣበቀ። እሳቸው ግን ካሜራ ያየ ትልቅ ሰው ሁሉ እንደሚሆነው ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ምስክር ደርቀው ቀሩ።

ከበበው ተጫነና ወዲያው፣ «ተነሥቷል እትዬ፣ አለቀ» አላቸው።

አላለቀም። ዳተኛው ካሜራ ገና እያመነታ ነው። እትዬ እፎይ ብለው ትከሻቸውን ጣሉ፣ ወደ ሄርሜላ ዘወር ሊሉ ሲሉ ከንፈራቸው ፈታ አለ። ያኔ ካሜራው አነሣ። ዲስኬቱ አንገራገረ። ምስሉ ወጣ፣ ባትሪውም ያንኑ ጊዜ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

እትዬ ሸዋረገድ ነበሩ። በሽታው አልተደበቀም፣ ክሳታቸውም አልተደበቀም፤ ግን እሳቸው ነበሩ፣ አንድ ነገር ሊናገሩ የቀረቡ ይመስል። መስኮቷን አስጠግቶ አሳያቸው። ብዙ አዩት። «በኃይሉ ይሄን ቢያይ ይስቅብኝ ነበር፣ ጥርሴ ወጥቷል» አሉና በጣታቸው የመስኮቷን ጠርዝ ነካ አደረጉ። ባትሪው አልቆ ምስሉ ሲጠፋ፣ የት ሄደች ብለው ሳቁ።

ሙሉሰው በትከሻቸው ላይ አሻግሮ አይቶ ነበር። የብርቱካኑን ልጣጭ በመዳፉ ሰበሰበ። ከበበው ዲስኬቱን አውጥቶ ለመሄድ ሲሰናዳ ወደ ግቢው በር ተከተለውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁን ገና ለድንኳን የሚሆን ፎቶ አነሣህ» አለው። «ይሄ አያሳፍርም።»

የጆንያው መልስ ከበበው ምላስ ላይ ዱብ አለ። ሦስት ወር የተሳለ፣ አንድም ቃል ያልጎደለው። አፉን ከፈተ።

«ሙሉሰው ምን አለህ?» አሉ እትዬ ሸዋረገድ ከበረንዳው። ፊታቸው ላይ ያ ፈገግታ አሁንም አለ። ሄርሜላ አንሶላውን ስታራግፍ ሰምታለች፤ ቀጥ ብላ ቆማ ከበበውን በዐይኗ ትለምነዋለች።

ለሙሉሰው ቢመልስለት ሙግት ይነሣና፣ ድንኳን የሚለው ቃል እትዬ እየሰሙ ግቢው መሐል ይወድቃል። ከበበው አፉን ዘጋ። ዲስኬቱን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና የኪሱን ቁልፍ ቆለፈ። ለእትዬ ሸዋረገድ እጅ ነሥቶ፣ የቆርቆሮውን በር ገፍቶ ወጣ።