ሞተችና መጣች

እኔ መሪጌታ ዕንባቆም ጎንደር ውስጥ ዜማ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ሰባን ካለፍሁ ወዲህ የአገሩ ሰው ሁሉ መንሾካሾክ ጀመረ። የዲያቆናቱ ድምፅ ሰለለ፣ ስልኬ ተበላሸ፣ ባለቤቴ ለተ ማርያምም ፊቷን አዙራ ማውራት ለመደች። ደኅና የነበረው የእኔ ጆሮ ብቻ ነው። ማለት፣ እኔ እንደዚያ አምን ነበር።

አንድ ጠዋት ሰጠኝ የሚባለው የመካነ ብርሃን ወዳጄ ደወለልኝ። ታየች የተባለች እህቱ የምትኖረው አዲ አርቃይ ነበር፤ ከተያዩም ቆይተዋል።

«መሪጌታ፣ ታየች ሞተች» አለኝ።

እኔ የሰማሁት «መጣች» ነው።

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ!» አልሁት። «በል ሙክት እረድላት፤ ቶሎ እንዳትለቃት!»

ደስታው አፉን የዘጋው መስሎኝ ምርቃት ጨመርሁለት።

መርዶውን ለለተ ማርያም የነገራት ሌላ ሰው ነው። «አንቱ፣ ምን ብለው ነው የመለሱለት?» ስትለኝ መግቢያ አጣሁ። በማግስቱ ለለቅሶ ሄድን። ሰጠኝ አቅፎኝ አለቀሰ፤ ከዚያ «ሙክቱን ለተዝካሯ አቆየዋለሁ» ብሎ በእንባው መሀል ፈገግ አለ። ዘመዶቹ ግን አልሳቁም። አንዷ ለሌላዋ «ጃጅተዋል» ስትል ከከንፈሯ አነበብሁ።

እኔም ፈራሁ። እውነትም የነገሩኝን እረሳ ነበር፤ የሰው ስም ይጠፋኝ ነበር። ሰው ሲሰበሰብ ጥግ ይዤ አንገቴን ብቻ መነቅነቅ አበዛሁ። እሱም አደጋ አለው፤ እንዲሁ ስነቀንቅ የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት አለቃ፣ አድርገው መረጡኝ።

በመጨረሻ ፒያሳ ባንክ የምትሠራው ልጄ ማርያማዊት ፈቃድ ወስዳ ሐኪም ዘንድ ይዛኝ ሄደች። ዶክተር ፍቅርተማርያም «ሦስት ቃል እነግርዎታለሁ፤ ይያዙልኝ» አለችኝ። ቆይታ ስትጠይቀኝ በኩራት «ጋሽ፣ በሬ፣ ጤና!» አልሁ። ማርያማዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሐኪሟ ቃሎቹን በወረቀት ጻፈችልኝ፦ ሻሽ፣ ፈረስ፣ ጤፍ። አንብቤ ከያዝኋቸው በኋላ ደግማ ስትጠይቀኝ ሻሹንና ጤፉን አስታወስሁ፤ ፈረሱ አመለጠኝ።

«ጆሮዎ ድምፁን ቆራርጦ ነው የሚልከው» አለች ጮክ ብላ። «አእምሮዎ ጎዶሎውን ሲገምት ይደክማል፤ ለማስታወስ የሚተርፈው ጉልበት ያንሳል። ሲቆይ ደግሞ መስሚያውንና ማስታወሻውን የሚያገናኙት መስመሮች አሠራራቸው ይለወጣል።»

«ማዳመጫ ባደርግ ይመለሳል?»

«ቃል አልገባልዎትም። የአእምሮውን መድከም ለአንዳንዱ ሊያዘገይለት ይችላል። ቢያንስ ግን ከሰው አይርቁም።»

ማዳመጫውን አድርጌ ስወጣ የፒያሳ ባጃጆች ሁሉ እኔን የተቆጡ መሰለኝ። ቤት ስገባ ለተ ማርያም ለካ ፊቷን አዙራ አልነበረም የምታወራው።

በሳምንቱ ጉባኤ ቤት ገብቼ ደቀ መዛሙርቱ ሲያዜሙ አዳመጥሁ። ከፍ ማለት ያለበት ቦታ ላይ ሁሉም ባንድነት ወረዱ። በመቋሚያዬ መሬቱን መታሁ።

«ይህን ማን አስተማራችሁ?»

ረዳቴ ሐብተ ማርያም ጉሮሮውን ጠረገ። «የኔታ፣ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? ታዲያ ምነው ሳትነግሩኝ?»

«ነግረንዎት ነበር። ‹ሸጋ ነው፣ ቀጥሉ› አሉን።»

ጢማቸው ገና ያልበቀለ ልጆች ሳይቀሩ ሳቃቸውን ለመያዝ ጉንጫቸውን ነፉ። እኔ ቀድሜ ስስቅ እነሱም ለቀቁት። ሳቁ ሲበርድ ግን ልቤ ከበደኝ፤ ስንት ልጅ ያንን ስህተት ተሸክሞ ወደ አገሩ እንደገባ ማን ያውቃል?

መቋሚያዬን ለሐብተ ማርያም ሰጥቼ ከተማሪዎቹ መሀል ተቀመጥሁ። እሱ መራ፣ እኔ ተቀበልሁ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዜማው ጠፋኝ።

«የኔታ፣ እንደገና» አለ፤ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ።

እንደገና አልሁ።