ዶክተሯ ትውጣልን

ስድስት ዓመት አጠቃላይ ሕክምና፣ አራት ዓመት የውስጥ ደዌ፣ ሦስት ዓመት የልብ፣ በላዩ አምስት ዓመት የምርምር ትምህርት። ዶክተሯ በዚህ ሁሉ ያረጋገጠችው ነገር ቢጨመቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ሐኪም አጠገቡ ሲቆም የሰው ደም ግፊት ይጨምራል፣ ሐኪሙ ሲወጣ ይወርዳል። ለዚህም ሜዳሊያ ተሸለመች።

«አሥራ ስምንት ዓመት የተማርሽው» አሏት ልብስ ሰፊው አባቷ በሽልማቱ ዕለት፣ «አለመኖርሽ እንደሚሻል ለማወቅ ነው?»

ዛሬ እሳቸው ራሳቸው የዓይን ሞራ ሊገፈፍላቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ግፊታቸው ከመቶ ስድሳ ካለፈ ቀዶ ሕክምናው ይሰረዛል፤ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። ባለፈው ሳምንት የአንድ ሙሽራ ሱሪ ግራና ቀኝ እግሩ ሳይተካከል ወጣ። ሙሽራው ሳቀ፤ እሳቸው ግን ሱቃቸውን ዘግተው ቤት ገቡ።

ሲስተር መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቀለለች። ዶክተሯ ከላያቸው አጎነበሰች።

«አባዬ፣ ዘና በል እሺ? ትንፋሽህን ሳብ። ኧረ እንደዚያ አይደለም!»

«መቶ ሰባ ስምንት» አለች ሲስተር።

«ድገሚው።»

«መቶ ሰማንያ አራት።»

«አባዬ፣ ጨው በልተሃል አይደል?»

«አንቺ ልጅ፣ ሐኪም ነሽ ወይስ ፖሊስ?»

ሲስተር ለዶክተሯ ጥናት ሁለት ሺህ ክንድ የለካች ሴት ናት። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ዶክተር፣ ይውጡልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ሐኪም ይወጣል፣ ታካሚው አምስት ደቂቃ ብቻውን ይቀመጣል፣ ማሽኑ ራሱ ይለካል። የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ እኮ እዚህ ልጁ ነኝ እንጂ ሐኪሙ አይደለሁም!»

«እሱማ ይብሳል።»

ለቀባሪው አረዱት። ዶክተሯ ፊቷ ቀልቶ ወጣች፤ ጆሮዋን በሩ ላይ ልትለጥፍ ስትል ሲስተርም ወጥታ በጋዋኗ ጎትታ ከአስታማሚዎች አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻት። እነዚያ አምስት ደቂቃዎች ከአሥራ ስምንቱ ዓመት የሚያጥሩ አይመስሉም ነበር።

ሲስተር ገብታ ተመለሰች። «መቶ አርባ ሁለት።»

አባትየው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲያልፉ ለአግዳሚው ሁሉ በጣታቸው አሳዩዋት። «ልጄ ናት! ሌላው ሐኪም ገብቶ ያድናል፤ የኔዋ ወጥታ!»

አግዳሚው ሳቀ። እሷም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና ልትከተላቸው ብድግ አለች።

«ተቀመጪ!» አሏት አባቷ።

«ይቀመጡ!» አለች ሲስተር።

ተቀመጠች።